የስድስት አመልማሎ ውሃ

እኛ የፎገራ ሰዎች ከውሃ ጋር የምንኖረው ከአመለኛ ባል ጋር እንደመኖር ነው። በነሐሴ ከቤት ውጣልን ብለን እንለምነዋለን፤ በየካቲት ደግሞ ተመለስልን ብለን እንለምነዋለን።

ቤቴ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው በኩል፣ ሜዳው ላይ ነው። አንድ ክረምት ውሃው ሳያስፈቅድ ገባና መደቤ ድረስ ደረሰ። ዶሮዎቼ ቆጥ ላይ ወጥተው እኔን ሲያዩ ዋሉ። አንደኛው ድስቴም ሳላየው በበሩ ወጥቶ፣ እየተንሳፈፈ ጎረቤት ሄደ። ጎረቤቴ በማግስቱ መለሰችልኝ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ የሽንብራ ንፍሮ ሞልታበት። እንዲህ ባለ አገር ያደገን ሰው፣ ውሃ በተራ ይታደላል ቢሉት ይስቃል። እኔም ስቄአለሁ። ሳቄን የጨረስሁት ራሴ የውሃ አባት ሆኜ ነው።

የውሃ አባት ማለት በበጋ የወንዙን ውሃ ለየእርሻው በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። አባት የተባለው ሥራውን ሁልጊዜ ወንድ ስለሚይዘው ነው። እኔ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜም አያት ነበርሁ። እንዴት አባት እንደሆንሁ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ሩዝ ከለመደን ቆይቶ፣ ሽንኩርት ገና እንደ አዲስ ሙሽራ በገባበት ሰሞን። ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርት ሆነ ሥራችን። ከእኛ በላይ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ ሞተር የሚሉት ውሃ መሳቢያ መጣ፤ ወንዙ ዳር ተቀምጦ እየተንደቀደቀ፣ ረጅም ጎማውን ነክሮ ሲጠጣ ይውላል። ዝናቡም ጠባዩን ለወጠ። ድሮ በሰኔ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ የነበረው አርፍዶ ይመጣና፣ እንደቸኮለ እንግዳ የያዘውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘርግፎ መስከረም ሳይጠባ ለመሄድ ይነሣል። በልጅነቴ በጥር ወር ቀሚሴን ሰብስቤ እሻገረው የነበረውን ወንዝ፣ ያን ዓመት ጫማዬ ሳይረጥብ ተሻገርሁት። ተሻግሬ ዞር ብዬ አየሁት፤ ያፈረ ይመስል ነበር።

በዚያው ዓመት ልጄ ከአንበሳሜ ተመለሰች። እዚያ ተድራ አሥር ዓመት ኖራ፣ ተፋትታ። ሄጄ ያመጣኋት እኔ ነኝ። እግሬ ደግሞ ምክንያት ካገኘ አያርፍም። ሐሙሲት ላይ መኪና ስንጠብቅ፣ ሻንጣዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ የአባቴን መሬት ራሴ አለማዋለሁ አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም፤ መልስም አልጠበቀችም።

አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ጥማድ መሬት ትቶላት ሞቷል። መሬቱን እኩል የሚያርሰው ዋርሳዬ ነበር፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። የሚገኘውን እህል ከሁለት ይካፈላሉ። ዋርሳዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሳቂታ ነው። ግን ሴት ልጅ ያለ በሬና ያለ ወንድ መሬት ትይዛለች የሚል ነገር ጆሮው አይገባም። ቢነግሩትም እንደቀልድ ይስቅለታል። አጎትና የወንድም ልጅ ሲከራከሩ ሰንብተው በመጨረሻ ተስማሙ። ይህን አንድ በጋ እርሱ ያርስላታል፣ እርሷ ሽንኩርት ትተክላለች። ሽንኩርቱ ከሆነላት መሬቱ በእጇ ይቆያል፤ እርሱም ስትጠራው ብቻ በሬውን ይዞ ይመጣል። ካልሆነላት መሬቱ ወደ እኩል ይመለሳል፤ እርሷም ከእኔ ጋር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ጥጥ መፍተል ነውር ኖሮበት አይደለም፤ እኔ ያደግሁበት ሙያ ነው። ልጄ ግን እንዝርት ስትይዝ ክሩ ራሱ ያዝናል።

እርሻው ያለበት ቦታ ነው ችግሩ። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በአንድ ቦይ ይመጣል፤ በቦዩ ላይ አምስት እርሻ አለ። የመጀመሪያው የዋርሳዬ ነው፣ ውሃው ገና ከወንዙ ሲወጣ የሚያገኘው። የመጨረሻው የልጄ ነው፣ ውሃው ሁሉንም ሰው ጎብኝቶ ሲያበቃ፣ ጉልበት ከተረፈው የሚደርሰው።

በታኅሣሥ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ሰበሰበችን። ከሸዋ ደጋ የመጣች ትሁት ሴት ናት። ሙቀታችንም ጭቃችንም አልሆነላትም፤ ባለፈው ክረምት ዋልካው አንድ ቦት ጫማዋን ውጦ አስቀርቶባት፣ በአንድ እግሯ ካልሲ ቆማ ስለሩዝ አስተምራናለች። እኛም ያን ቀን ስለሩዙ ምንም አልያዝንም፣ ካልሲውን ግን እናስታውሳለን። የዕለቱ ርእሳችን የውሃ ፍላጎት አስተዳደር ነው አለችን። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያውም እስከመጨረሻው አልደረስሁም። እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣብኝ እንደሰማሁት ነው የምወስደው። የውሃ ፍላጎት ስትል፣ ውሃው የሚፈልገው ነገር መሰለኝ። እጄን አወጣሁ።

«ልጄ፣ ውሃው የሚፈልገውንማ እኔ አውቃለሁ» አልኋት። «ውሃው የሚፈልገው ወደ ጣና መሄድ ነው። መንገድ ላይ እየያዝን የምናስቸግረው እኛ ነን።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዋርሳዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እርሷ ግን ደብተሯን ገልጣ ጻፈችው። ከዚያ፣ እማማ ያሉት እኮ ልክ ነው አለች፤ የምናስተዳድረው የእኛን መፈለግ ነው እንጂ ውሃውን አይደለም። ውሃ እኛ አንጨምርም፣ ሰማይም ያን ያህል አልጨመረልንም፤ የምንወስደውን ግን ማሳነስ እንችላለን። ሽንኩርትን ከሚፈልገው በላይ ነው የምታጠጡት አለችን። ዋርሳዬ ይህን ሲሰማ ሳቁ ቆመ። ሽንኩርት በቃኝ ሲል ሰምታ ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቃት። ደግሞ ሳቅ ሆነ፤ ይህንንም ጻፈችው።

የውሃ አባት ምረጡ ተባልን። የነበረው ሽማግሌ ጥላውን በእግሩ እየለካ ተራ የሚያወጣ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ደክሞ ተወ። አንዱን ስንጠራ የሌላው አማች ሆኖ ይገኛል፤ ሌላውን ስንጠራ ከጎረቤቱ በድንበር ተጣልቷል። በዚህ መሀል ዋርሳዬ ብድግ አለ።

«እታለም ትሁን እንጂ» አለ። «እግሯ እንደሁ ቤት አይውል። መዞሯ ላይቀር ከውሃው ጋር ትዙር።»

ይህችስ ልጇ ጫፍ ላይ ያለች ናት፣ ታዳላለች አለ አንዱ። እኔም ፊቴ ጋለብኝና፣ ለልጄ አንድ መደብ አዳልቼ ከተገኘሁ ሥራውን ንጠቁኝ አልሁ። በሰው ፊት ማለቴ ነው የጎዳኝ። ልጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ይህን ስል ቀና ብላ አየችኝ።

አሁን የተራው ልክ በምን ይታወቅ? ሰዓት ያላት ባለሙያዋ ብቻ ነች፤ እርሷ ደግሞ ሦስት ቀበሌ ነው የምትዞረው። ሞባይል ገና ወደ እኛ አልደረሰም። በጥላ እንዳንለካ፣ የሽማግሌው እግር ረጅም ነው፣ የእኔ እግር አጭር ነው፤ ገና ሳንጀምር ክርክር ሆነ። እኔ በሄድሁበት ሁሉ እንዝርቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ቆሜም ተቀምጬም እፈትላለሁ። ስለዚህ በፈትል ይሁን አልኋቸው። ጥጡን ነድፌ፣ አመልማሎውን እኩል እኩል አድርጌ ጠቅልዬ በሙዳይ ይዤ እመጣለሁ። ለአንድ እርሻ ስድስት አመልማሎ። ስድስቱን ፈትዬ ስጨርስ የዚያ እርሻ አፍ ይዘጋል፣ የሚቀጥለው ይከፈታል። ባለሙያዋ አንድ ጠዋት አጠገቤ ተቀምጣ በእጅ ሰዓቷ ለካችኝ። ሰዓቷን አየች፣ እንዝርቴን አየች፣ እንደገና ሰዓቷን አየች። እጄ ከሰዓቱ ጋር እኩል ይሄዳል። አርባ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ሰዓት ነበርሁ።

ውሃው የእኛ የሚሆነው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ረቡዕና ዓርብ ከወንዙ ማዶ ላሉት ነው። በቀናችንም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ከዘጠኝ በኋላ ወንዙ የከብቱ ነው፤ ይህ ከአያቶቻችን ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ጠለፋው ይፈርሳል፣ ከብቱ ይጠጣል። ሰውን ትንሽ ታገሥ ይሉታል፤ የተጠማ ላም ግን ከሜዳው ሲመጣ ምንም ቢሉት አይሰማም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደዘፈን ሄደ። ከዋርሳዬ ጀምሬ፣ ስድስት ፈትዬ ተነሥቼ፣ ስድስት ፈትዬ ተነሥቼ፣ ልጄ ዘንድ ስደርስ ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። ሽንኩርቷ ተተክሎ ቀና ብሎ ነበር። እንደ ተማሪ ተሰልፎ ሲያዩት ደስ ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ዋርሳዬ እርሻ ዳር ተቀምጬ ስፈትል፣ የዋርሳዬ ሚስት ትኩስ ዳቦ በአገልግል ይዛ መጣች። ከእንስራም ጠላ ቀዳችልኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኋት። እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ «በሞቴ» አለችኝ። በሞቴ ሲባል እንቢ ማለት፣ እንኪያስ ሙቺ ማለት ነው። ዋርሳዬም ከወዲያ ሆኖ «እኔ አፈር ስሆን» አለ። ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ይሙቱ? ዳቦውን ተቀበልሁ።

እጄ ዳቦ ሲይዝ እንዝርቱን ያስቀምጣል። እንዝርቱ ሲቀመጥ ሰዓቱ ይቆማል። ውሃው ግን አይቆምም፤ የዋርሳዬ መደብ ውስጥ እየተንፈላሰሰ ይገባል።

በዚያን ቀን ማንም ያሰበው አይመስለኝም። እስከ ሐሙስ ግን ነገሩ ለሁሉም ተገለጠ። ሐሙስ ለት ሁለተኛው እርሻ ላይ ገንፎ ጠበቀኝ፤ ገንፎ ደግሞ ካልበረደ አይበላም፣ እስኪበርድም እጅ አጣምሮ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው እርሻ ላይ ጠላውን ሲቀዱልኝ ጣሳው ከመጉደሉ በፊት ይሞሉታል። አራተኛው ችግረኛ ነው፤ ያለው ቆሎ ብቻ ነው። ቆሎ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ይታሻል፣ እፍ ይባላል፣ ሁለት እጅ ይይዛል፤ ከሁሉም እንዝርት አስጣይ እርሱ ነው። እነርሱም ሲበሉ ሲጠጡ አይቸኩሉም። የልጆቼን ጤና አንድ በአንድ ይጠይቁኛል፤ የሞቱትንም ጭምር ያስታውሱኛል።

በዚያ ወር ሆዴ ወፈረ፣ ክሬ ሳሳ። ወረታ ያለው ሸማኔዬ ያመጣሁለትን ልቃቂት በእጁ መዝኖ፣ ምነው እናቴ ታመው ነበር ወይ አለኝ። ኧረ ደኅና ነኝ አልሁት። ፊቴን አይቶ እርሱም አመነ።

ልጄ ዘንድ የምደርሰው ከብቱ ከሜዳው መነሣት ሲጀምር ሆነ። የእርሻዋን አፍ ከፍቼ እንዝርቴን አሾር እላለሁ፤ አንድ አመልማሎ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ከዚያ ላሞቹ መጡ። ውሃው ሁለት መደብ አርሶ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጭራው ይቀጥናል፣ ቀጥኖ ይቀራል። ዋልካ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እርሻዋ ጫፍ ላይ የእጅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆነ። እኔ ግን ልቤን እደልላለሁ፤ ለልጄ አላዳላሁም፣ ሰው ስሜን በክፉ አያነሣም እያልሁ። ሆዴ ሞልቶ ነበርና ልቤ በቀላሉ ይደለላል።

በጥር መጨረሻ አንድ ሐሙስ፣ አሁንም አርፍጄ ደረስሁ። ቁጭ ብዬ ሙዳዬን ስከፍት አመልማሎው ላይ አንድ የሽንኩርት ችግኝ ተጋድሟል፤ ከሥሩ የተነቀለ፣ እንደ ገለባ የደረቀ። ልጄ ድንበሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ በዚህ ቦይ ላይ በሞቴ ማለት የማይችለው የእኔ ሽንኩርት ብቻ ነው» አለችኝ።

በሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ፣ እንዳላዳላ ብዬ፣ ምናልሁ ምናልሁ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እንድታዳዪልኝ አይደለም የምለምንሽ» አለች። «እንድትፈትዪ ነው።»

ይህን ብላ ዶማዋን አንሥታ ሄደች። ልጄ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያን ቀን ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት። ላሞቹ መጡና ጠለፋው ፈረሰ። እኔ ግን ቦዩ ባዶ ከሆነ በኋላም ቁጭ ብዬ ያችን የደረቀች ችግኝ ሳገላብጥ ቆየሁ። ዋርሳዬ እኔን ያስመረጠኝ እግሬ ስለሚዞር ብቻ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። አርባ ዓመት ያውቀኛል፤ ዳቦ ሲቀርብልኝ እንቢ የምትል ሴት አለመሆኔን ከእርሱ በላይ ማን ያውቃል?

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። የሠራሁት ስሕተት ይህ ነው። የዋርሳዬ ሚስት ደንግጣ ፌጦ ወቅጣ አመጣች፤ ሁለተኛው እርሻ ላይ ጤና አዳም ተቀነጠሰልኝ፤ ሦስተኛው ላይ ሆድሽን በቅቤ ካላሸሁልሽ ብላ አንዲት ባልቴት አጋደመችኝ። የተኛ ሰው ደግሞ አይፈትልም። ልጄ ዘንድ ስደርስ ከብቱ ጠጥቶ ተመልሷል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግብዣው ይቀራል ብዬ እንዳልጽናና፣ ጾሙ ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሽንኩርት ሦስት ሳምንት አይጠብቅም።

ሲጨንቀኝ እዞራለሁ፤ ሳይጨንቀኝም እዞራለሁ። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሬ ማዶ ሄድሁ፣ የማውቃቸውን ልጠይቅ ብዬ። ውሃው የእነርሱ ቀን ነበርና ሁሉም ቦዩ ላይ ናቸው። ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄድሁ ተቀመጥሁ፣ ተጫወትሁ፤ ልማድ ነውና እንዝርቴን አሾርሁ። እነርሱም ያማርራሉ፤ ቀናችን ሁሌ በጾም ቀን ይውላል፣ ወንዶቹ በባዶ ሆድ ዶማ ይዘው ይነጫነጩብናል እያሉ። አንዲቱ ደግሞ፣ ምንም ሳናቀምስሽ ልትሄጂ ነው፣ ረቡዕ ሆኖብን ነው እኮ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ ሙዳዬን አየሁት። አመልማሎዬ በሙሉ አልቋል። ከጠዋት ጀምሮ ማንም በሞቴ አላለኝም።

ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ማዶው የውሃ አባት ሄድሁ። ቀናችንን እንለዋወጥ ወይ አልሁት፤ ረቡዕና ዓርብ ለእኛ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለእናንተ። ሰውዬው ሐሳቤን እንዳልለውጥ ፈርቶ ይሁን፣ ቃሌ ሳያልቅ እሺ አለ፤ ሰዎቹንም እዚያው ጠርቶ አስማማቸው።

ለእኛዎቹ ግን ምን ልበላቸው? እውነቱን ብነግራቸው፣ ዳቧችሁ ልጄን ገደላት ማለት ነው፤ ያበላን ሰው እንዲህ አይሉትም። ስለዚህ ማዶዎቹ ተቸግረው ለመኑኝ አልኋቸው፤ በጾም ቀን መሥራት ከብዷቸዋል፣ እኛ ብንረዳቸው በረከት ነው አልሁ። ትንሽ ዋሽቻለሁ፤ ንስሐ አባቴ ያውቁታል። አራቱ እሺ አሉ። ዋርሳዬ ዓይኔን ትኩር ብሎ አየኝ። ነገሩ ገብቶታል። ነገር ግን እንቢ ቢል፣ ዓርብ ለት በባዶ ሆድ መሥራት ፈርቶ ነው ይባላል። ይሉኝታ እኔን ብቻ የምትይዝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እርሱንም ትይዘዋለች። እሺ አለ።

የመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት እርሻው ዳር ተቀመጥሁ። ዋርሳዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እታለም፣ በሞ...» አለና ዋጠው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ዛሬ ጥጥሽ ነጭ ነው» አለኝ በምትኩ።

ነጭ ነው አልሁት። ስድስቱን ፈትዬ ጨርሼ ዝጋ አልሁት። መደቦቼ ገና አልጠገቡም አለ። ባለሙያዋ በዚያ ሰዓት ደርሳ ነበር፤ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ጎንበስ ብላ ከመደቡ አንዱን ሽንኩርት ነቀለች። ከላይ ሲያዩት ደንዳና፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሥሩን ገልብጣ ስታሳየው ግን ቂጡ በስብሷል፣ ጣቷ ሲነካው ይሰምጣል፣ ሽታውም ይሰማል። ወር ሙሉ እኔ ዳቦ በበላሁ ቁጥር እርሱም ያለልኩ ሲጠጣ ከርሟል።

«አባባ፣ ሽንኩርት በቃኝ የሚለው እንዲህ ነው» አለችው፣ በትሕትና።

ዋርሳዬ ሽንኩርቱን ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ዶማውን አንሥቶ የእርሻውን አፍ ራሱ ዘጋ፤ አጥብቆ፣ በእግሩ ረግጦ ዘጋው። በሚቀጥለው ረቡዕ ገና ሙዳዬን ሳልከፍት «ዛሬ ይለፈኝ» አለኝ። በዚያ ቦይ ላይ ይለፈኝ የሚል ቃል ሲነገር የዚያን ቀን መስማቴ ነው። ባለሙያዋ ስነግራት ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ያን ረጅም ነገር፣ ያንን አስተዳደር የምትለውን፣ ማለት የፈለግሁት እኮ ይህን ነው አለችኝ። ይህ ከሆነ ምነው አስቀድመሽ በአማርኛ አልነገርሽን አልኋት።

በዚያ በመጀመሪያው ዓርብ ውሃው ልጄ ዘንድ ሲደርስ ፀሐይ ገና ከራስ አልወረደችም። ስድስቱንም አመልማሎ ፈተልሁላት፤ አንድም አልጨመርሁ፣ አንድም አልቀነስሁ። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ድምፅ አለው፤ እንደተጠማ ሰው ጉሮሮ ይንቆረቆራል። ልጄ በባዶ እግሯ ከመደብ መደብ እየተከተለችው ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾም ተፈታ። ሰው ሁሉ ሽሮውንና ተልባውን ይዞ እኔና ውሃው ወደ ጨረስንበት፣ ወደ ልጄ እርሻ መጣ። ከዚያ በሞቴው እንደልብ ሆነ፤ ወር ሙሉ የተጠራቀመ ይመስል ሁሉም አጎረሰኝ። እንዝርቴ ሙዳይ ውስጥ ነው፣ ከብቱ ወንዙ ውስጥ ነው፤ ማንም በማንም አልተጎዳም።

ይሁንና ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት መደቦች ከዚያ በፊት ሞተው ነበር። ቢያጠጡአቸውም አልተመለሱም። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ ድረስ ስሰጋ ከረምሁ፤ ዋርሳዬ ሁለቱን ደረቅ መደቦች አሳይቶ አልሆነላትም ቢል፣ ማን ይፈርዳል? ሆነላት ማለት ምን ያህል ሲሆን እንደሆነ ሲስማሙ አልተነጋገሩም። ልጄም ይህን ታውቃለች፤ እነዚያን መደቦች ሳታይ ነው የምታልፋቸው።

ሽንኩርቱ በሚያዝያ ተነቀለ። ከወረታ የመጣው ነጋዴ ብልህ ነው፤ ሚዛን ከማውጣቱ በፊት አውራ ጣቱን ያወጣል። እያንዳንዱን ሽንኩርት ጫን አድርጎ ያያል። የዋርሳዬ ሽንኩርት ትልልቅ ነው፤ ጫን ሲለው ግን ብዙው ሰመጠ፣ ግማሹን ወደ ጎን አደረገው። የልጄ አነስ ያለ ነው። ነጋዴው አንዱን በጣቱ ጫነ፣ ሌላውን ጫነ፣ ከዚያ መጫኑን ተወና ይሄ አዲስ አበባ ድረስ ሳይበላሽ ይገባል ብሎ ጆንያ እንዲመጣ ጠየቀ።

ዋርሳዬ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ክምሩን ዞረው። ከዚያ እንደፈራሁት እስከጫፍ ሄደና ሁለቱ ባዶ መደቦች ላይ ቆመ።

«እነዚህስ?» አለ።

ልጄ ከጆንያው ቀና አላለችም።

«እነርሱን ዳቦ በላቸው፣ አጎቴ» አለችው።

ዋርሳዬ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣና አየሁ። ከዚያ ያ ሳቁ ከሆዱ ተነሣ፤ እስኪያስለው ሳቀ፣ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። ሳቁ ሲያልቅ እንደገና ክምሩን አየው፣ አሁን ቆየት አድርጎ፣ እንደ ገበሬ።

«ለሩዙ በሬውን መቼ ላምጣልሽ?» አላት።

«ስጠራዎት ነዋ» አለች።

«እሺ፣ እመቤቴ» አለና ጎንበስ ብሎ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘላት።